ከማሊንዲ ባሕር ላይ የተነበበው ብረት

በመሐል ናይሮቢ የሚያልፈው ሰፊ አውራ ጎዳና ኡሁሩ ሃይዌይ ይባላል። ከጎኑ ያለው መናፈሻም ኡሁሩ ፓርክ ነው። እዚህ አገር ይህን ስም የማያውቅ ሕፃን የለም። በዚሁ ስም የተጠራች ሳተላይት ከኬንያ ባሕር ላይ ተነሥታ የሥነ ፈለክን መንገድ እንደቀየረች ግን፣ ናይሮቢ ውስጥ ፊዚክስ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ አስቀድሞ የሰማ ተማሪ አልገጠመኝም። ወላጆቻቸውም አልሰሙም። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል። ነገሩ የሮኬት ታሪክ ብቻ ቢሆን ባልተቆጨሁ ነበር። ከአቶም እምብርት የራቀ ኤሌክትሮን ከእምብርቱ ጋር እንዴት እንደሚሳሳብ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ጠይቀዋል፤ ከዚያ ጥያቄ ምዕራፎች አንዱ የተጻፈው እዚህ ነው።

ከሥሩ ልጀምር። ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ ናይሮቢ እንደምትቆጥረው የአውሮፓውያን ናቸው።

በ1885 ዮሃን ባልመር የሚባል የባዝል ሰው፣ የሴቶች ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር፣ ሃይድሮጂን የሚፈነጥቃቸውን አራት የብርሃን መስመሮች በአንዲት አጭር ቀመር አሰራቸው። እኔም ያስተማርኩት በሴቶች ትምህርት ቤት ስለሆነ ይህን ሰው ሳነሣ ደስታዬ ከፊቴ ይነበባል። ከሦስት ዓመት በኋላ በስዊድን፣ በሉንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ዮሃንስ ሪድበርግ ያንኑ ነገር ለሊቲየም፣ ለሶዲየምና ለሌሎችም ሞከረው፤ ሥራው በ1890 በሰፊው ታተመ። ያገኘው ነገር የሚያስደንቅ ነበር። የሁሉንም ንጥረ ነገሮች መስመሮች የሚገዛው አንድ የጋራ ቁጥር ነው። ልዩነቱ፣ በሃይድሮጂን ቀመር ውስጥ 1፣ 2፣ 3 እያሉ የሚሄዱት ሙሉ ቁጥሮች በሌሎቹ ላይ ትንሽ ትንሽ ይጎድላሉ።

ምክንያቱ መታወቅ የጀመረው ኒልስ ቦር በ1913 የአቶም ሞዴሉን ካወጣ በኋላ ነው። አንድ ኤሌክትሮን ጉልበት አግኝቶ ከሌሎቹ ርቆ ሲወጣ፣ አስኳሉና የቀሩት ኤሌክትሮኖች አንድ ላይ አዮን ሆነው ይቀራሉ። እምብርት የምለው ይህንን ነው። ማታ ከንጎንግ ኮረብታ ላይ ሆነው ሲያዩት፣ ሩቅ ያለ መንደር ስንትም ቤት ይኑረው አንድ መብራት ይመስላል፤ ለራቀው ኤሌክትሮንም እምብርቱ አንድ ፖዘቲቭ ቻርጅ ብቻ ነው። ስለዚህ በጣም የራቀ ኤሌክትሮን፣ የየትኛውም አቶም ይሁን፣ የሃይድሮጂንን ጠባይ ይይዛል።

የሚጎድለው ቁጥር የሚነግረን ስለ እምብርቱ ነው። በሶዲየም ውስጥ ምሕዋሩ ወደ እምብርቱ ዘልቆ ለሚገባ ኤሌክትሮን ጉድለቱ 1.35 ገደማ ነው፤ ያን ያህል ለማይዘልቀው 0.86፤ ከውጭ ከውጭ ለሚዞረው 0.01 ብቻ። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚስበኝ ያ የመጨረሻው ትንሽ ቁጥር ነው። ኤሌክትሮኑ እምብርቱ ውስጥ እምብዛም አይገባም፤ ነገር ግን ከሩቅ ሆኖ የእምብርቱን ኤሌክትሮኖች ይገፋል፣ አስኳሉን ይስባል። እምብርቱ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ተለጥጦም ኤሌክትሮኑን መልሶ ትንሽ አጥብቆ ይይዘዋል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ይህ ተጨማሪ የትስስር ጉልበት ወደ አሥራ ስድስተኛ እጁ ይወርዳል። ማክስ ቦርንና ቬርነር ሃይዘንበርግ በ1924 ይህን ሐሳብ ይዘው፣ መስመሮቹ ከቦታቸው ፈቀቅ ካሉበት ጥቂት መጠን ተነሥተው እምብርቱ ምን ያህል ተለጣጭ እንደሆነ አሰሉ።

ትምህርት ቤታችን አዳሪ ስለነበረ ልጆቹ ማታ ማታ ለጥናት ይሰበሰባሉ። ከአጥሩ ውጪ ያለው የመንገድ መብራት ያን ጊዜ ብርቱካናማው የሶዲየም መብራት ነበር። ያረጀ ሲዲ ይዘው እንዲወጡ አደርግና ብርሃኑን በሲዲው ላይ ጋደም አድርገው እንዲያዩት እነግራቸዋለሁ። ቢጫው መኖር በሚገባው ቦታ ላይ ጥቁር ሰንጥቅ ይታያል፤ በመብራቱ ዳር ዳር ያለው ቀዝቀዝ ያለ የሶዲየም ጋዝ ከመሐል የሚመጣውን ቢጫ ብርሃን ስለሚውጠው ነው። ከሰንጥቁ ወዲህ ግን ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ መስመር ይደምቃል፤ የሞገዱ ርዝመት 568 ናኖሜትር ገደማ ነው። ይህ መስመር ኤሌክትሮኑ ከአራተኛው ደረጃ፣ ከእምብርቱ ውጪ ከሚዞርበት ምሕዋር፣ ሲወርድ የሚለቀው ነው። ከዚያ ደረጃ ላይ ኤሌክትሮኑን ለመንጠቅ 0.86 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል። ከሃይድሮጂን አራተኛ ደረጃ ላይ ለመንጠቅ 0.85 ነው። ሁለቱን ቁጥሮች በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን የጻፍኩ ዕለት ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች፦ «ምዋሊሙ፣ ታዲያ ኤሌክትሮኑ እስከ ስንተኛው ደረጃ ሊርቅ ይችላል?»

የልጅቷ ጥያቄ መልሱ ያለው ሰማይ ላይ ነው። መሬት ላይ ያሉ የጋዝ አቶሞች እየተጋጩ የራቀውን ኤሌክትሮን ፋታ አይሰጡትም። በከዋክብት መካከል ግን ቦታው ሰፊ ነው። የሶቪየት ተመራማሪዎች በ1964፣ አሜሪካ ውስጥ በግሪን ባንክ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ የሚሠሩት ደግሞ በ1965፣ እንዲህ ያሉ አቶሞችን በሬዲዮ ሞገድ አገኟቸው። ግሪን ባንክ የያዘው መስመር የሃይድሮጂን ኤሌክትሮን ከ110ኛው ደረጃ ወደ 109ኛው ሲወርድ የሚልከው ነው። የዚህ አቶም ስፋት ከአንድ ሺኛ ሚሊሜትር ይበልጣል፤ አንድ ባክቴሪያ ያክላል ማለት ነው።

ኬንያ ወደዚህ ታሪክ የገባችው ግን በብረት በኩል ነው። በ1869 የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ፣ ኮሮና በሚባለው የፀሐይ አክሊል ውስጥ ማንም የማያውቀው አረንጓዴ መስመር ታየ። መሬት ላይ የሌለ አዲስ ንጥረ ነገር ነው ተብሎ ኮሮኒየም የሚል ስም ወጣለት፤ ሰባ ዓመት ያህልም በዚያው ቆየ። ምስጢሩን የፈቱት ጀርመናዊው ቫልተር ግሮትሪያንና ስዊድናዊው ቤንግት ኤድሌን ናቸው። መስመሩ ከሃያ ስድስቱ ኤሌክትሮኖቹ አሥራ ሦስቱን ያጣ ብረት ሆኖ ተገኘ። ብረትን እንዲህ ለመግፈፍ ከአንድ ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ሙቀት ይጠይቃል። ኤድሌን ኋላ በሪድበርግ ዩኒቨርሲቲ፣ በሉንድ፣ ፕሮፌሰር ሆነ።

ሒሳቡ ግን አልገጥም አለ። ከመስመሮቹ ስፋት የሚሰላው የኮሮና ሙቀት ሁለት ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ይመጣል፤ ብረቱ ስንት ኤሌክትሮን እንዳጣ ተቆጥሮ የሚሰላው ደግሞ የዚያን ግማሽ ያህል። በ1964 አላን በርጀስ ያስታረቃቸው በራቀው ኤሌክትሮን አማካይነት ነው። ነጻ ኤሌክትሮን ወደ አዮን ሲቀርብ በእምብርቱ ውስጥ ያለውን አንዱን ኤሌክትሮን ወደ ላይ ያነሣዋል። ጉልበቱን ስለሰጠ ራሱ ማምለጥ ያቅተውና እጅግ ሩቅ በሆነ ምሕዋር ላይ ይያዛል። እምብርቱ ቶሎ ብርሃን ለቅቆ ከረጋ፣ የራቀው ኤሌክትሮን ታስሮ ቀረ ማለት ነው። እያንዳንዱ ሩቅ ምሕዋር የሚይዘው ጥቂት ቢሆንም፣ ምሕዋሮቹ ብዙ ስለሆኑ ድምሩ ትልቅ ይሆናል። አዮኖች ከታሰበው በላይ ፈጥነው ኤሌክትሮን የሚያገኙ ከሆነ፣ ብረቱን እንደተገፈፈ ለማቆየት የበለጠ ሙቀት ያስፈልጋል። ሁለቱ ስሌቶች በዚህ ተገናኙ። ይህን ሥራ ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ በአቶሙ ዳር ላይ ያለ፣ ሊያመልጥ ጥቂት የቀረው ኤሌክትሮን የፀሐይን አክሊል ሙቀት መወሰኑ ነው።

ያንኑ ኮሮና ሰሜን ኬንያ በዓይኗ አይታዋለች። ጁን 30 ቀን 1973፣ በእኛ ሰኔ 23 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ዕለት፣ የጨረቃ ጥላ ሰሃራን አቋርጦ የኦሞ ወንዛችን በሚያበቃበት ሐይቅ ላይ አለፈ። ሐይቁ ያኔ ሩዶልፍ ይባል ነበር፤ ቱርካና የተባለው በ1975 ነው። የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ከሐይቁ ዳር ሎይያንጋላኒ ላይ ካሜራቸውን ተክለው ኮሮናውን አነሡት። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ሕዝቡ ወጥቶ ያየው ግርዶሽ ቀለበታማ ስለነበር ይህን አላሳየም፤ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ካልተሸፈነች አክሊሏ አይታይም።

ከማሊንዲ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ንጎሜኒ የሚባል የዓሣ አስጋሪዎች መንደር አለ። ከዚያ ወደ ባሕሩ ሲመለከቱ በብረት እግሮች የቆሙ መድረኮች ይታያሉ፤ ሳን ማርኮና ሳንታ ሪታ። ሐሳቡ የሉዊጂ ብሮሊዮ ነበር፤ የኢጣሊያ አየር ኃይል መኮንንና የሮም ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር። ኢጣሊያ በ1962 ከአሜሪካ ጋር ስምምነት አደረገች፤ አሜሪካ ሮኬቱን ትሰጣለች፣ ጣልያኖቹ ባሕሩ ላይ ማስወንጨፊያ ይሠራሉ። የጣልያን ስም ሲነሣ በእኛ ሰው ልብ የሚቀሰቀሰው ሌላ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም የዓድዋና የየካቲት 12 ልጅ ነኝ። ይህን ሥራ ግን ከልቤ አከብረዋለሁ።

ቦታው የተመረጠው በምክንያት ነው። በምድር ወገብ ላይ የምድር ሽክርክሪት ብቻውን ለሮኬቱ በሰከንድ 465 ሜትር ፍጥነት ይመርቅለታል። ከዚህም በላይ፣ ምድር ወገብን ይዞ የሚዞር ሳተላይት በደቡብ አትላንቲክ ላይ ዝቅ ብሎ ከሚገኘው የጨረር ቀበቶ ይርቃል፤ ደካማ ጨረር ለሚቆጥር መሣሪያ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። ምሥራቁ ደግሞ ሰው የሌለበት ውቅያኖስ ስለሆነ የሮኬቱ ስብርባሪ ማንንም አይጎዳም። አፕሪል 26 ቀን 1967 ሳን ማርኮ 2 የተባለችው የኢጣሊያ ሳተላይት ከዚህ ተነሣች። ሮኬቱ ስካውት ይባላል፤ አራት እርከን ያለው፣ በደረቅ ነዳጅ የሚሠራ፣ ቁመቱ 23 ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን ሮኬት።

ንጎሜኒ በሄድኩበት ጊዜ በጀልባ የወሰዱኝን አዛውንት፣ «ምዜ፣ ሮኬት ሲነሣ አይተው ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጅ ሳለሁ አይቻለሁ፤» አሉኝ። «መጀመሪያ እሳቱ ነው፣ ድምፁ ኋላ ይመጣል። ያን ቀን መረብ መጣል ክልክል ነበር።» ከመድረኩ ሥር መቅረብ አይፈቀድም። ከሩቅ ግን እግሮቹ ላይ ዝገቱ በግልጽ ይታያል፤ ውኃው የሚደርስበት ከፍታ ላይ ቀለሙ ይለወጣል።

ሪካርዶ ጃኮኒ የሚባል ጣልያን ተወልዶ አሜሪካ የሚሠራ ሳይንቲስት በ1962 ከጓደኞቹ ጋር በትንሽ ሮኬት የጨረር መቁጠሪያ ወደ ላይ ልኮ ነበር። እኛ ራጅ የምንለው፣ ሐኪም ቤት አጥንት የሚያሳየው ጨረር፣ ከፀሐይ ውጪ ካለ የሰማይ አካልም እንደሚመጣ ያን ጊዜ ታወቀ። ግን ሮኬት ላይ ወጥቶ መውረድ የሚሰጠው ደቂቃዎች ብቻ ነው። ቀን ከሌት የሚመለከት ሳተላይት ያስፈልግ ነበር። ዲሴምበር 12 ቀን 1970፣ በእኛ ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ስካውቱ ከሳን ማርኮ ተነሣ። (በስዋሂሊም በአማርኛም ሰዓቱ አንድ ነው፤ እዚህ አገር ስመጣ መጀመሪያ የቤቴ ሽታ የሸተተኝ በዚህ ነበር።) ዕለቱ ኬንያ ነጻ የወጣችበት ሰባተኛ ዓመት ስለነበር ሳተላይቷ ኡሁሩ፣ በስዋሂሊ «ነጻነት»፣ ተባለች። የናሳን በኩል የመራችው ማርጆሪ ታውንሰንድ የምትባል ኢንጂነር ናት፤ ሴት ተማሪዎቼ ፊት ይህን ስም ሳልጠራ አልፌ አላውቅም።

ኡሁሩ 140 ኪሎ ገደማ ትመዝን ነበር። እስከ 1973 ሠርታ ወደ 340 የሚጠጉ የራጅ ምንጮችን መዘገበች። ሳይግነስ ኤክስ-1 ጥቁር ጉድጓድ ሳይሆን አይቀርም የተባለው በእሷ መረጃ ተጀምሮ ነው። እኔ ግን መቆየት የምፈልገው ሌላው ግኝቷ ላይ ነው። በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ጋላክሲዎች በተሰበሰቡባቸው ቦታዎች፣ በጋላክሲዎቹ መካከል ባዶ በሚመስለው ስፍራ፣ የተሠራጨ የራጅ ብርሃን አየች። ምን ይሆን? አንዳንዱ እጅግ የጋለ ጋዝ ነው አለ። ሌላው ጋዝ የለም፣ በብርሃን ፍጥነት አጠገብ የሚሮጡ ኤሌክትሮኖች ናቸው አለ። የኡሁሩ መሣሪያ ይህን መለየት አልቻለም።

የለየው እዚያው መድረክ ላይ ቆሞ የነበረ ሌላ ስካውት የጫነው ሳተላይት ነው። ኦክቶበር 15 ቀን 1974 የእንግሊዝ ሳተላይት ኤሪየል 5 ከሳን ማርኮ ተነሣ። በእኛ ጥቅምት 5 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ ከወረዱ ወር አልፎ፣ አዲስ አበባ ማን ታሠረ ማን ተፈታ በምትልበት ሰሞን። ከመሣሪያዎቹ አንዱን የሠራው የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጠፈር ቤተ ሙከራ ነበር። ይህ ኮሌጅ ማይክል ሲተን የሪድበርግን ጉድለት ወደ ሙሉ የኳንተም ንድፈ ሐሳብ ያሳደገበት ቤት ነው። በ1976 የቤተ ሙከራው ሰዎች በፐርሲየስ የጋላክሲዎች ክምችት ራጅ ውስጥ፣ ወደ 7 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ፣ አንድ መስመር እንዳዩ አሳተሙ።

ይህን መስመር ልጆቹ ራሳቸው በጠመኔ ያገኙታል፤ እኔ የምነግራቸው ብረት 26 ፕሮቶን እንዳለው ብቻ ነው። ብረቱ ሃያ አምስት ኤሌክትሮኖቹን አጥቶ አንድ ብቻ ከቀረው፣ እንደገና የባልመር ሃይድሮጂን ሆነ፤ አስኳሉ ብቻ 26 እጥፍ በረታ። ጉልበቱ በ26 ጊዜ 26፣ በ676 ይባዛል። የሃይድሮጂን 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት በ676 ሲባዛ 9194 ይመጣል። ከሁለተኛው ደረጃ ወደ መጀመሪያው መውረድ የዚህን ሦስት አራተኛ ይሰጣል፤ 6895። እውነተኛው መስመር በአንጻራዊነት ሕግ ምክንያት ወደ 6960 ከፍ ይላል። ሁለት ኤሌክትሮን ከቀሩት ደግሞ አንዱ ሌላውን ከአስኳሉ በጥቂቱ ስለሚጋርደው መስመሩ ወደ 6700 ዝቅ ይላል። ኤሪየል 5 ሁለቱን ነጣጥሎ ማየት አይችልም ነበር፤ ድምራቸውን ግን አየ። ያ በቂ ነው። መስመር ካለ አዮን አለ፤ አዮን ካለ የጋለ ጋዝ አለ፤ ሙቀቱም ብዙ አሥር ሚሊዮን ዲግሪ ነው። ብረቱ ደግሞ የሚወለደው በከዋክብት ውስጥ ስለሆነ፣ ያ ጋዝ በከፊል ከከዋክብት ወጥቶ በጋላክሲዎች መካከል የፈሰሰ ነው።

የራቀው ኤሌክትሮን እዚህም ውስጥ አለ። በርጀስ እንዳለው ተይዞ ዳር ላይ የተቀመጠ ኤሌክትሮን እያለ የእምብርቱ ኤሌክትሮን ሲወርድ፣ የሚለቀው ብርሃን ከዋናው መስመር ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ዳር ያለው ኤሌክትሮን መገኘቱ ብቻ ጉልበቱን ያዛባዋል። ቅርብ ከሆነ ፈቀቅታው ጎልቶ ይታያል፤ በራቀ ቁጥር መስመሩ ወደ ዋናው ይጠጋና ይቀላቀላል። አላን ጋብሪየል በ1972 የእነዚህ አጃቢ መስመሮች ድምቀት የጋዙን ሙቀት እንደሚናገር አሳየ። በ2016 ሂቶሚ የተባለችው የጃፓን ሳተላይት ከመበላሸቷ በፊት ያንኑ ፐርሲየስን ተመልክታ፣ ኤሪየል 5 አንድ ጉብታ ብቻ ያየበትን ቦታ ወደ ብዙ ጥርት ያሉ መስመሮች ዘረዘረችው።

ከሳን ማርኮ የመጨረሻዋ ሳተላይት የተነሣችው በማርች 1988 ነው። ብሮሊዮ በ2001 ዐረፈ፤ ጣቢያው ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ከጃፓንና ከሮም ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሠራት የኬንያ የመጀመሪያ ትንሽ ሳተላይት በሜይ 2018 ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተለቀቀች፤ ልጆቹ ይህችን ያውቃሉ፣ ደስም ይለኛል። ስለ ኡሁሩና ስለ ኤሪየል 5 ግን በኬንያ የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ፣ ከቦር ሞዴል ቀጥሎ፣ አንድ ገጽ ሊኖር ይገባል። ሪድበርግን በስዊድን በኩል ብቻ ማስተማር ለእነዚህ ልጆች ያንሳቸዋል።

ማሊንዲ ላይ ያሉት የመቀበያ ሳህኖች ሥራ አልፈቱም። በ2004 የተላከችው ስዊፍት፣ በ2012 የተላከችው ኑስታር፣ በ2021 የተላከችው አይክስፒ፣ ሦስቱም ራጅ ተመልካች ሳተላይቶች መረጃቸውን የሚያወርዱት እዚያ ነው። ኑስታር ምድር ወገብን ተጠግታ ስለምትዞር በየዕለቱ ደጋግማ በላዩ ታልፋለች። በ2013 ከአውሮፓዊቷ ኤክስኤምኤም-ኒውተን ጋር ሆና ኤንጂሲ 1365 በሚባለው ጋላክሲ መሐል ያለው ጥቁር ጉድጓድ እጅግ ፈጥኖ እንደሚሽከረከር የለካችው በዚያው በብረት መስመር ነው፤ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ የተነሣው መስመር በስበቱ ተጎትቶ እንዴት እንደተንሻፈፈ አይታ።